የእማማ ግራ ክንድ

ጥቅምት 6

ለቤተሰቡ አባላት፣ ለወዳጅ ዘመድና ለሩቅ ጎረቤት በሙሉ!

የመኝታ ቤታችን በር ለረጅም ዓመታት ሲያላዝን ኖሮ ባለፈው ማክሰኞ ድምፁ ለዘለዓለም የጠፋ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ማጠፊያውን ዘይት ያጠጣው አጎትሽ፣ ባለመድኃኒት ቤቱ ነው። ያ በር ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ጥፋት ሠርቶ በጣቱ ጫፍ አለፈ፣ ሁሉን ይነግረኝ ነበር። አሁን ሰው ድንገት ራስጌዬ ቆሞ ሳገኘው መልአከ ሞት መስሎኝ «ተቀመጥ እንጂ» ልለው ይቃጣኛል።

እንግዲህ ሐዘኑን በዚህ እንዝጋና ወደ ሰላምታው እንለፍ። ይድረስ ለማታርፈው ለልጅ ልጄ፣ ለቃጭሌ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ተለይቶኝ መኖር ከጀመረ ቆየ። አያትሽም ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ ተኝታለች። ስልክ አትደውይልኝ፤ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለእኔ ጆሮ ንብ ነው። ደብዳቤ ግን ቢያንስ አይጮኽብኝም።

ሰዎች ሥራሽን ሲጠይቁኝ «ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ መስኮት ላይ ቆመው የሚውሉ፣ ጭንቅላት የሌላቸው ሴቶችን ታለብሳለች» እላቸዋለሁ። እያማተቡ ይሄዳሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ታፔላ ስሥል ስንት ዓይነት ሴት ሠርቻለሁ፤ ግን ጭንቅላት ነስቻት የማውቃት ሴት የለችም። ውስጡ ምን እንዳለ ባላውቅም ጭንቅላቱን ሁልጊዜ እሠራ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቀጭን ብሩሽ ላኪልኝ። ከእነ ፀጉሯ ብትመዘን ከትንፋሽ የማትከብድ፣ የሽፋሽፍት ያህል የምትሆን። እዚህ የሚሸጠው ሁሉ አጥር መቀቢያ ነው።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ክፉ ዓይን ሲያይሽ ዓይኑን ይያዝልሽ።

አባባሽ

ኅዳር 3

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማማስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ለበርዎ መጽናናትን ይስጥዎ።

ብሩሾቹን ልኬያለሁ፤ ሦስት ናቸው። ሻጩ «ለዓይን መኳያ ነው?» አለኝ። «ለአያቴ ነው» ስለው ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ስለ አሻንጉሊቶቼ ልንገርዎ፤ ሐሜትዎ በልኩ እንዲሆን። ባለፈው የሱቁን ምድር ቤት እንድናጸዳ ታዘዝንና የድሮዎቹን አገኘናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ሽፋሽፍትም ከንፈር ቀለምም አላቸው፤ ጣቶቻቸው ግን ገና ቀለሙ ያልደረቀ ጥፍር እንዳላቸው ተበታትነው የቆሙ ናቸው። እንዲህ ባለ እጅ ምንም አይያዝም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ትከሻ አውጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነዋል፤ ከማን ጋር እንደተጣሉ አይታወቅም። ከዚያ የኛዎቹ፣ አንገታቸው ላይ የሚያልቁት መጡ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ደረሰችን። ሽበት አላት አባባ። ሆድም አላት፤ ትንሽ፣ የወለደ ሰው ሆድ። ለሌሎቹ ልብሱ እንዲያምር ከጀርባ በመርፌ እሰበስበዋለሁ፤ ከፊት የሚያይ ሰው አያውቅም። ለእሷ ካፖርት አልብሼ ቁልፉን ስቆልፍ መርፌ አላስፈለገኝም። ጓደኞቼ «እመቤቲቱ» ብለው ስም አወጡላት፤ ጠዋት ሲገቡ ሰላም የሚሏት አሉ።

አሁን ተራው የእኔ ጥያቄ ነው። እማማ ሁልጊዜ ከደብዳቤዎ ግርጌ በእጃቸው አንዲት መስመር ይጨምሩልኝ ነበር፤ «እኔም ደህና ነኝ፤ እሱ ያለሽን ሁሉ አትመኝው» የምትለዋን። አሁን ለምን ቀረች? ደግሞስ ታፔላ ከተዉ ስንት ጊዜዎ ነው፤ ብሩሹ ለማን ነው?

ልጅዎ ቃጭል

ኅዳር 29

ይድረስ ለቃጭሌ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። መልሴ ዘገየ፤ ስንፍና ነው በይው። ብሩሾቹ ደርሰውኛል። አያትሽ አንዷን ወደ ብርሃን አንሥታ «ለዚህች ለአንዲት ቅንድብ ነው ልጄን ያደከምካት?» አለችኝ። መስመሯን ያልጻፈችው መነጽሯን የት እንዳስቀመጠች ረስታ ነው።

ብሩሹ ለእሷ ነው። ራሷ ናት ያዘዘችኝ።

በክረምቱ ማብቂያ ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን ቀበርን። እዚህ መቃብር ድንጋይ ላይ የሟች ሥዕል በላሜራ ተሠርቶ እንደሚሰቀል ታውቂያለሽ፤ ግማሹ የእኔ እጅ ነው። አያትሽ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ድንጋዮቹን እየዞረች አየች። እኔ ሥራዬን እያደነቀች መስሎኝ ከኋላዋ ደረቴን ነፍቼ ተከተልኳት። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ፦

«አንተ፣ ወንዶቹን ሁሉ ከነሽበታቸው፣ ከነራሰ በራቸው ሣልካቸው። ሴቶቹ ግን ለምን ሁሉም ሙሽራ ሆኑ?»

«ቤተሰቡ የሚያመጣልኝ ፎቶ የሠርጓን ነዋ! ወንዱን በሞተበት ዕድሜው፣ ሴቷን በተዳረችበት ዕድሜዋ ነው የሚያመጡልኝ።»

«ልብስ ሰፊዋ ሰባን አልፋለች። አሁን ሙሽራ አድርገህ የምትሰቅላት ጥርስ ከሌለው ሽማግሌ ባሏ አጠገብ ነው። መንገደኛ ሲያያቸው የልጅ ልጁን አገባ አይልም?»

«ይበል፤ ሽማግሌው ምን ይጎዳዋል?»

«እኔ ከጎንህ የልጅ ልጅህን መስዬ አልተኛም። እንዲሁ እንዳለሁ ሣለኝ። ከነመነጽሬ።»

እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አሮጊት ሥዬ አላውቅም። ለልብስ ሰፊው ታፔላ ወገቧ በሁለት ጣት የሚያዝ ሴት ሣልኩ። ለሳሙና ነጋዴው ልብስ እያጠበች የምትስቅ ሴት ሣልኩ፤ ልብስ እያጠበ የሚስቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከዚያ ዘመኑ ዞረና «ክንድ ያላት ሴት ሣል» ተባልኩ፤ የአናጢ ክንድ ገጠምኩላት፣ መዶሻም አስያዝኳት። ፊቷ ግን ያው የሳሙናዋ ነበር፤ መዶሻዋን ይዛ ትስቃለች። ኋላ ማሽን መጣና ባነር ያትም ጀመር፤ የባነር ሴቶች ቆዳ ላይ ዝንብ ቢያርፍ ተንሸራትቶ ይወድቃል። እኔም ብሩሼን ቀለም ማጠቢያው አኳራጅ ውስጥ ነክሬ ጡረታ ወጣሁ።

አያትሽ የከተማ አውቶቡስ በምትነዳበት ዘመን የድርጅቱን ሰሌዳ እንድሥል ታዘዝኩ። «ሾፌሩን ባለ ሪዝ አድርገው» አሉኝ፤ አደረግሁት። እሷም በሰሌዳው ሥር ባለፈች ቁጥር ለሪዛሙ ክላክስ ትነፋለት ነበር። ተሳፋሪው ሰላምታ ይመስለዋል፤ ስድብ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ችግሩ አጎትሽ ነው። ሲሰማ የሠርጓን ፎቶ ከነመስታወቱ ታቅፎ መጣ።

«እናቴን አሮጊት አድርገህ አትሰቅልብኝም» አለኝ።

«እኔ ስረከባት ልጅ ነበረች፤ ያስረጀሃት አንተ ነህ» አልኩት። አልሳቀም። ድንጋዩን የሚያሠራውም የሚያስተክለውም እሱ ነው፤ እሱ እንቢ ካለ ሥዕሌ ጎተራ ጥግ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። የዚያችን የእመቤቲቱን ፎቶ ላኪልኝ። አጎትሽ ከውጭ የመጣ ነገር ያከብራል፤ በእናንተ አገር ባለ ሽበት ሴት መስኮት ላይ እንደምትቆም ይይ።

አባባሽ

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለእማማ ይሁን። የእመቤቲቱ ፎቶ ከዚህ ጋር ነው።

አባባ፣ እማማ አሟቸዋል?

ለአጎቴ ደወልኩ። ገና «እማማ» ከማለቴ «ደህና ናት፣ ደህና ናት» አሉኝ። ደህና የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ደህና አይባልም። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በሩን ሳስብ አደርኩ። እናንተ በዚያ በር ስትስቁበት ኖራችኋል እንጂ ዘይት ያጠጣው ሰው አልነበረም። መኝታ ቤት በር ዘይት የሚጠጣው ውስጥ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ነው። እማማ ደግሞ ቀን ተኝተው አያውቁም። እርስዎ በቀልድዎ ሸፍነው ነገሩኝ፤ እኔም ስቄ አለፍኩት።

ሌላም ልናገር፤ አይቆጡኝ። የሠርጋቸው ፎቶ እኔም ጋ አለ፤ ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሥራ ውዬ እግሬ አብጦ ስገባ ያቺን አንገቷን ቀና ያደረገች ልጅ አያታለሁና እበረታለሁ። ስለዚህ አጎቴ የተሳሳቱ አይመስለኝም። እማማን ስናስብ ጤነኛ ሆነው ብናስባቸው ምን ክፋት አለው?

እውነቱን ይጻፉልኝ። ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ቃጭል

ጥር 18

ይድረስ ለልጄ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናው። ዛሬ በቀልድ አልጀምርም፤ ከዘለቀኝ።

አያትሽ ታማለች። ሕመሙ ሳንባዋ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ፎቶውን እያሳየ በረጅሙ አስረዳን፤ እሷ አዳምጣ አዳምጣ «በአጭሩ ተከራዩ አይወጣም ማለትህ ነው?» አለችው። እሱም አንገቱን ደፋ። እንዳልነግርሽ የከለከለችኝ እሷ ናት። «ሥራዋን ጥላ ትመጣና ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ እኔ ቲያትር ነኝ?» አለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ትእዛዝ ወጥቼ አላውቅም፤ ሾፌሯ እሷ ነበረች፣ እኔ ተሳፋሪ።

ደብዳቤሽን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስለ ሠርጉ ፎቶ ያልሽው ላይ ስደርስ ልዘለው ብዬ ነበር፤ መንተባተቤን ሰምታ «አንብብ!» አለችኝ። አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጻፍላት አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው፦

«ያቺ ልጅ ቆንጆ ናት፤ አልክድም። ግን አታውቅሽም። አፍንጫሽን ጠርጋልሽ አታውቅም። ትኩሳት ሲይዝሽ አጠገብሽ ያደረችው ይህቺ ሸበቶዋ ናት። መቃብሬ ላይ መጥተሽ የማያውቅሽ ሰው ፊት ልታለቅሺ ነው?»

መልስ ካለሽ ለእሷ ጻፊ፤ እኔ መልእክተኛ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ዘንድ በትራስ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ ላሜራዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሥላለሁ። ከባዱ ነገር ሕመሟ አይምሰልሽ። ከባዱ የኔ እጅ ነው። ከዓይኗ ሥር ያለውን ሽብሽብ አንድ መስመር እጀምራለሁ፤ ቀና ብዬ አይቻት ስመለስ ያ ሁሉ ዓመት የለመደ እጄ ሳላዘው አለስልሶታል። እንደ ሳሙናዋ ሴት! ሥዕሉን አዙሬ ሳሳያት ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈችና፦

«እዚህ ጋ የነበረውን ምን አደረግኸው?»

«ምኑን?»

«ሽብሽቤን። መልስልኝ አንተ፤ ብዙ ደክሜበታለሁ።»

መለስኩላት። በአንቺ ብሩሽ፣ አንድ በአንድ።

ከዚያ ደግሞ ክንድ መጣ። ሙሉ ፊት ሠርቼ ደረት ላይ ላቆም ነበር ሐሳቤ፤ እሷ ግን ክንዶቼም ይግቡ አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ዘረጋቻቸው። ከእሷ ጋር ዕድሜ ልኬን ኖሬ እንዲህ ጎን ለጎን አይቻቸው አላውቅም፤ ግራው ከቀኙ ይጠቁራል። ያ ሁሉ ዓመት በሾፌር መስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው የኖረ ክንድ ነው። ጡረታ ከወጣች ስንት ጊዜ ሆኖ እንኳ አልለቀቀም። «ሰሌዳው ላይ ሪዝ አድርገህልኛል» አለችኝ። «አሁን ይህን አድርግልኝ።»

ሁለት ቀለም በጠበጥኩ። አጎትሽ ገብቶ አየና «አንዱ ክንድ ላይ ቀለም አልቆብህ ነው?» አለኝ። የእመቤቲቱን ፎቶ አሳየሁት። «አሻንጉሊት ናት» ብሎ መለሰልኝ። አያትሽ ከትራሷ ላይ ሆና «ካፖርቷ ግን ያምራል» አለች።

አትፍረጅበት። እሱ አሮጊት ጠልቶ አይደለም። መድኃኒቷን በእጁ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ታማ ያያትን እናቱን ሁለተኛ በላሜራ ማየት ፈርቶ ነው። ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለም።

ምንም አትላኪልኝ። ከቻልሽ ነይ።

አባባሽ

የካቲት 8

ይድረስ ለእማማ፣ በአባባ ንባብ፣

ሰላምታዬ እግርዎ ላይ ይውደቅ። ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ መጋቢት አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አልተሳካልኝም፤ ለምኜ ነበር።

መልስዎን በአውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። መውረጃዬን አለፍኩት። ሾፌሯ ሴት ነበረች፤ ስወርድ ክንዷን አየሁት። እሷ ክንዷ ላይ ጨርቅ አድርጋለች፤ በእናንተ ጊዜ ይህን የነገራችሁ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

የሠርጉን ፎቶ አላወረድኩትም፤ አልዋሽም። አጠገቡ ግን ሌላ ምስማር መትቻለሁ። አባባ ሥዕሉ ሲያልቅ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ያ ቦታ የእርስዎ ነው።

እማማ፣ ይጠብቁኝ።

አፍንጫዋን የጠረጉላት ልጅዎ

መጋቢት 5

ይድረስ ለልጄ ለቃጭሌ፣

መርዶውን አጎትሽ በስልክ ነግሮሻል፤ እኔ ደግሜ አላረዳሽም። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ደብዳቤሽ ደርሶ አንብቤላታለሁ፤ ስለ ሾፌሯ ስትሰማ «ጨርቅ? ይኼ ምን ይባላል፤ ብልህ ልጅ ናት» አለች። ልትጠብቅሽ ሞክራለች። አልቻለችም እንጂ አልተወችም።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ መጥተሽ ከሰው አፍ ከምትሰሚው።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት ሥዕሉን ጨረስኩ። አልጋዋ ትይዩ ወንበር ላይ አቆምኩላት። አየችው፣ አየችውና «እኔ ነኝ፤ ይህችኑ ስቀሉኝ» አለች። ይህንኑ ለአጎትሽ ነገርኩት። እሱ መድኃኒቱን ከማንኪያው ላይ እንዳያፈስ እየተጠነቀቀ ቆመ።

ቀብሯ ብዙ ሰው የመጣበት ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች «ዝናብ ሲጥል ከፌርማታ ውጭ ቆማ የምታሳፍረን ነበረች» እያሉ ያለቅሳሉ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ «ሒሳብ የለኝም ብዬ አንድ ቀን አውርዳኛለች» ብሎ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት አጎትሽ በብብቱ ጥቅልል ነገር ይዞ መጣ። የሠርጉ ፎቶ መሰለኝ። ፈታው፤ የኔው ላሜራ ነው፣ በእናቱ ሻሽ ጠቅልሎት። ግንበኛው አራቱን ቀዳዳ በስቶ ሊሰቅል ሲል አጎትሽ ያዘው።

«አባባ፣ ቀለም ይዘሃል?»

ይዤ ነበር። ቀለም ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ግን ፈራሁ። «ምኑን ልትፍቅ ነው?» አልኩት።

«ግራው ክንድ ከዚህ ይጠቁር ነበር» አለኝ። ወደ እኔ አላየም። «ጠዋት ትምህርት ቤት ስትወስደኝ ከኋላዋ ነበር የምቀመጠው። ፊቷን አይደለም ሳየው ያደግሁት፤ ይህን ክንድ ነው። ይጠቁር ነበር አባባ።»

እሱ ላሜራውን ደረቱ ላይ ደግፎ ያዘልኝ፤ እኔ ደግሞ መቃብሩ አጠገብ ተንበርክኬ አንድ እጅ ቀለም ጨመርኩበት። «ትንሽ» ይለኛል፤ «ትንሽ ደግሞ።» ከዚያ «በቃ» አለ። ግንበኛው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን አዞረ።

አሁን ተሰቅላለች። ሰው ሲያልፍ ይቆማል። የሚስቅ አለ፤ «ምን ነካው ሽማግሌው፣ ሚስቱን እንኳ ማሳመር አቃተው?» የሚል አለ። ትናንት ግን የልብስ ሰፊዋ ልጅ በር አንኳኩታ ገባች። ቆማ ቆማ፣ ሻሿን እያጠፈች እየፈታች፣ «አባባ፣ እናቴንም ያስረጁልኝ» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም። ያረጀችበት ፎቶ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ የላትም፤ የሠርጉ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ነገ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እሥላለሁ።

ምንም አትላኪ፤ ራስሽን ይዘሽ ነይ። አልጋሽ ተነጥፏል። የምስማሩን ነገር ሰምቻለሁ፤ ፎቶውን ስትመጪ ራስሽ ታነሻለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግርሽ ደብዳቤው ቢታሸግ ቅር ይለኛል። እላይ የጻፍኩት ሁሉ እንደሆነው ነው፤ ከአንዱ በቀር። «እኔ ነኝ፤ ይህችኑ ስቀሉኝ» አላለችም። ያን እኔ ፈጥሬ ነው ለአጎትሽ የነገርኩት፤ ሌላ መንገድ አልነበረኝማ። በዚያን ቀን ትኩሳቱ ከፍ ብሎባት ማን እንደሆነች የለየች አልመሰለኝም። ሥዕሉን ብዙ አየችው፣ ዓይኗን፣ ሽብሽቧን፣ ሁለቱን ክንዶቿን። ከዚያ በዚያ የሾፌርነት ድምፅዋ፣ ወደኋላ ዞራ ለሞላ አውቶቡስ እንደምትናገር፣ «ሴትዮዋ ደክሟታል» አለች፤ «ቦታ ልቀቁላት።»